ጣርማበርን ከመውረዳችን በፊት

ሸዋ ሮቢት የምትኖር ታላቅ እህት አለችኝ። በማስተምርበት ዘመንም ሆነ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሄጄ ሳልጠይቃት ቀርቼ አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአሮጌዋ ቮልስ ተመላልሻለሁ፤ እሷ ከተሸጠች ወዲህ ደግሞ በአውቶቡስ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር መጨረሻ ላይ ግን ልጄ፣ "አባባ፣ ዘንድሮ በእኔ መኪና ነው የምንሄደው። ልጆቹም የአያታቸውን እህት ይወቁ" አለኝ። ደስ አለኝ።

መኪናዋ ስምንት ወር አልሞላትም። የበሮቿ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም ነበር። ልጄ የባንክ ዕዳ ተሸክሞ የገዛት በመሆኗ፣ ስሟን በክፉ የሚያነሳበትን ሰው አይወድም። ይህን ስለማውቅ ጠዋት ከግቢያችን ስንነሳ የተሰማኝን ነገር ዋጥ አደረግሁት። ሞተሩ ተነስቶ መኪናዋ ቆማ ሳለች ብርድ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ነበር። መካኒኮች "ሚኒሞዋ ተበላሽቷል" የሚሉት ዓይነት ነው። ትናንት ማታ ስትገባ ግን ደህና ነበረች።

መገናኛ መብራት ላይ ስንቆም እንደገና ተንቀጠቀጠች። ከለገጣፎ በኋላ መንገዱ ሲከፈት ግን ቀጥ ብላ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ትሄድ ጀመር። ሰንዳፋ ላይ ለአፍታ ስንቆም፣ አሥር ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ በሃይላንድ የያዘውን ውሃ ወንበሩ ላይ አቁሞ፣ "አባባ፣ እዩት፣ ውሃው ይጨፍራል!" አለኝ። እናቱ ሳቀች። ልጄ አልሳቀም። "ነዳጁ ነው፤ ትናንት ከማላውቀው ማደያ ነው የቀዳሁት" አለ።

በቅቤዋ የምትታወቀው ሸኖ ስንደርስ ደግሞ ምክንያቱ ተለወጠ። "ከፍታው ነው አባባ። አየሩ እየሳሳ ነው" አለ። መኪናዋን ለሸጡለት ሰዎች ስልክ ደውሎ ነበርና እነሱም፣ "አዲስ መኪና አይደለች? ስትለማመድ ትተወዋለች" ብለውት ነበር።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ቮልስ የነዳ ሰው ስለ ከፍታ ጥቂት ያውቃል። ያን ጊዜ አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርቦራቶር ነበር። ካርቦራቶር ደግሞ የት እንዳለ አያውቅም፤ ቆላ ላይ የተስተካከለው ደጋ ሲወጣ ነዳጅ ያበዛና ሞተሩን ያስለዋል። የዛሬዎቹ መኪኖች ግን የሚገባውን አየር በመለኪያ እየለኩ ነዳጁን በዚያው ልክ ይረጫሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ለመውጣት ብለው አይንቀጠቀጡም። ደግሞስ መንቀጥቀጡ የጀመረው ግቢያችን ውስጥ አልነበረም?

ነዳጁስ? ውሃ የገባበት ነዳጅ ቢሆን ወይም ካንዴላ አልሠራ ቢል ኖሮ፣ አቀበቱ ላይ ሞተሩ ጉልበት ሲጠየቅ ይበልጥ ይታወቅ ነበር። መኪናችን ግን አቀበቱን እየዘፈነች ነው የወጣችው። የምትታመመው ስትቆም ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በልቤ እያወጣሁ እያወረድኩ ቻቻን አለፍን። ምንም አልተናገርኩም። አባት ልጁ በሚያሽከረክርበት መኪና ውስጥ ሲቀመጥ አፉን መቼ እንደሚከፍት ማወቅ አለበት።

ደብረ ብርሃን የደረስነው ለምሳ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ፀሐዩ ቢወጣም ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከምግብ ቤቱ ደጅ ልጄ መኪናዋን ሲያቆም፣ ፍሬኑን ሲረግጥ ጉልበቱ ሲወጠር አየሁት። ልጆቹና እናታቸው ገብተው እኛ ስንቀር፣

"ፍሬኑ እንዴት ነው?" አልኩት።

መሬት መሬት አየ። "ትንሽ ከብዶኛል አባባ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ከሸኖ ጀምሮ።"

ያን ጊዜ ምሳው ከአፌ ጠፋ። ከፊታችን ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ጣርማበር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጫፍ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ወደ 1,300 ሜትር፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ከባድ መኪና። ከኋላ ወንበር ሁለት ሕፃናት።

ፍሬኑን የሚፈትሹበትን ቀላል መንገድ ከድሮ ጓደኞቼ ተምሬያለሁ። ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን እስኪደነድን ድረስ አራት አምስት ጊዜ መርገጥ፤ ከዚያ ሳይለቁ ሞተሩን ማስነሳት። ደህና ከሆነ ፔዳሉ ከእግር በታች ዝቅ ይላል፤ ማገዣው ሥራውን ጀመረ ማለት ነው። ልጄ እንዳልኩት አደረገ። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም።

እኛ ይህን ስናደርግ ሰባት ዓመት የሆናት ትንሿ የልጅ ልጄ ምሳዋን ጥላ መጥታ አጠገባችን ቆማ ኖሯል። "አባባ፣ አባዬ ሲረግጥ መኪናዋ እስስስ ትላለች፣ እንደ እባብ" አለች። እኔ ጆሮዬን አቀረብኩ፤ ምንም አልሰማሁም። ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ልጄ ጎንበስ ብሎ አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ። እሱም ሰማው።

ሰው ጠይቀን አንድ ትንሽ ጋራዥ አገኘን። መካኒኩ ገና ወጣት ነው። መጀመሪያ የመኪናዋን ኮምፒዩተር በያዛት ትንሽ መሣሪያ አነበበ። "ለነዳጁ አየሩ በዝቷል ይላል። አየሩ በየት እንደገባ ግን አይነግረንም፤ እሱን የምንፈልገው እኛ ነን" አለ። ልጄ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ለምን እንዳልበራ ጠየቀው። "አንዳንዱን ጥፋት መጀመሪያ መዝግባ ዝም ትላለች። በሌላ ጉዞ ሲደገም ነው የምታበራው" ብሎ መለሰለት።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሞተሩ ወደ ፍሬኑ ማገዣ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልሎ በፒንሳ ቆንጠጥ አደረገው። ወዲያው ሞተሩ ጸጥ አለ። ሲለቀው ተንቀጠቀጠ። ሲቆነጥጠው ጸጥ አለ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገንም።

ነገሩን እንዲህ ብሎ አስረዳን። ሞተር አየር ሲስብ የመምጠጥ ኃይል ይፈጥራል። ፍሬን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘው ይኸው ኃይል ነው፤ በዚያ ቱቦ በኩል ይደርሰዋል። ቱቦው ሲቀደድ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል። መኪናዋ ያልለካችው አየር በቀዳዳው ሾልኮ ይገባና ሚኒሞው ይናጋል፤ ፍሬኑም እገዛው ይቀንስበታል። ስንነዳ ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ የቀዳዳዋ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ስንቆም ግን ይገንናል። "ከፍታውስ?" አለ ልጄ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ። መካኒኩ ፈገግ አለ። "ከፍታው ሚኒሞውን አላበላሸውም። ግን ይህ ማገዣ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ ደጋ ላይ ግፊቱ ስለሚያንስ ድሮም እገዛው ይቀንሳል። በተቀደደ ቱቦ ጣርማበርን መውረድ ማለት…" ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ቱቦውን ነቅሎ ሲያሳየን የጥርስ ምልክት አለበት። አይጥ ነው። "መኪናዋ የምታድረው የት ነው? አጠገቧ እህል አለ?" ሲል ጠየቀን።

ልጄ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ተራራው አየሁ። በመኪናዋ ማደሪያ ጥግ ሦስት ጆንያ ጤፍ ተደርድሯል። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ጓዳው ጠበበ ብዬ፣ ልጄ ቅር እያለው። አይጡ ማታ ጤፉን በልቶ፣ ከብርዱ ሸሽቶ ሞቃቱ ሞተር ላይ ወጥቶ ጥርሱን ሲስል አድሯል። ነዳጅ ቀጂውን፣ ሻጩን፣ ሰማዩን ሳይቀር ስንወቅስ የዋልንበት ጥፋት ከገዛ ደጃችን ተነስቶ ነው አብሮን የመጣው።

ልጄ ቢቆጣኝ ይገባኝ ነበር። እሱ ግን፣ "እኔም ፍሬኑ እንደከበደኝ ልነግርዎ ይገባ ነበር። አዲስ መኪና እንዴት እንዲህ ይሆናል ብዬ አፈርኩ" አለኝ። ሁለታችንም ጥፋት ነበረብን፤ በዚያው ታረቅን።

የቀረው ቱቦው ነው። "ለጊዜው በናስትሮ ጠቅልለውና እንሂድ፤ እህቴ ምሳ ሠርታ እየጠበቀች ነው" ብዬ ለመንኩት። ወጣቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "አባቴ፣ ፍሬን በናስትሮ አይታሰርም" አለኝ። ተማሪ ሆኜ የተገሰጽኩ መሰለኝ፤ ግን ልክ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ደውሎ፣ ትክክለኛው ቱቦ ተገዝቶ በማግሥቱ ጠዋት በሚኒባስ ሹፌር እጅ እንዲላክ ተስማማን። ለእህቴም ደውዬ ነገርኳት። "ዘግይታችሁ በደህና ድረሱ" አለችኝ።

ያን ማታ ደብረ ብርሃን አደርን። ልጆቹ በአገሩ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው የጉም ትንፋሻቸውን እያዩ ሲስቁ አመሹ። በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ቱቦው መጣ፤ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ተገጠመ። ልጄ ያንኑ ፈተና ደገመው፤ ፔዳሉ ዝቅ አለ። የልጅ ልጄም ሃይላንዱን ወንበሩ ላይ አቆመ። ውሃው አልጨፈረም።

ጣርማበር ላይ ጉሙ ተገፎ ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያስቆፈሩትን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ልጆቹ በጩኸት አለፉት። ከዋሻው ስንወጣ ቆላው ከእግራችን በታች ተዘረጋ። ልጄ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ እየነካ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔም እንዴት እንደሚወርድ አልነገርኩትም። ደብረ ሲና ቆመን ቆሎ ገዛን። እየወረድን በሄድን ቁጥር ሹራብ ማውለቅ መጣ። እህቴ በረንዳዋ ላይ ቆማ ጠበቀችን፤ ምሳውንም እንደገና ሠርታው ነበር።

ቤት እንደተመለስን ጆንያዎቹን በገዛ እጄ ወደ ጓዳ አስገባሁ። ወላጆች፣ አያቶች፣ የምላችሁ ይህችን ብቻ ነው። መኪናችሁ አዲስ ናት ብላችሁ ስትንቀጠቀጥ አትለፏት። መጀመሪያ "ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?" በሉ፤ ከዚያ ፍሬኗን ፈትሹ። ከኋላ ወንበር ያለች ሕፃን "እስስስ ይላል" ካለቻችሁም ሞተሩን አጥፉና አዳምጧት።