የእሳት ማጥፊያው እሳት ሲተፋ

ከአምስት ኪሎ ሰው ጋራ ጓደኝነት መያዝ ዕዳ እንዳለበት አስቀድሞ የነገረን አልነበረም። እኛ ሁለታችን የስድስት ኪሎ የአርት ፋኩልቲ ልጆች ነን፤ ሥራችን መጽሐፍ ማንበብ፣ ያላነበብነውንም እንዳነበብን ሆነን መከራከር ነው። ከእኛ ጋራ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ሦስተኛው ጓደኛችን ግን የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነው። ስሙን እዚህ አንጽፈውም፤ በግቢው ሁሉ «መሐንዲሱ» እየተባለ ስለሚጠራ ለእኛም ይኸው ይበቃናል። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ አንድ ማታ ሽሮአችንን በልተን እጃችንን እንደ ታጠብን፣ «ጄት ሞተር ልንሠራ ነው» አለን። አንባቢ ሆይ፣ «ልንሠራ» ማለቱን ልብ በል፤ «ልሠራ» አላለም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጄት ሲባል ትዝ የሚለን፣ ወደ ቦሌ ሲወርድ የአስተማሪያችንን ድምፅ የሚውጥልን አውሮፕላን ብቻ ነበር። መሐንዲሱ ከሰል አንሥቶ በድስቱ ክዳን ጀርባ ላይ ሥሎ አስረዳን። የመኪና ሞተር መሳብን፣ መጭመቅን፣ ማንደድንና ማስወጣትን በአንድ ክፍል ውስጥ በየተራ ይሠራል፤ ጋዝ ተርባይን ግን እነዚሁኑ አራት ሥራዎች በየራሳቸው ክፍል፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ፣ ሳያቋርጥ ይሠራል። ከፊት ያለው ጎማ አየሩን ስቦ ይጨምቃል፤ ከመካከል እሳቱ ይነዳል፤ የጋለው ጋዝ ሲወጣ የኋላውን ጎማ ያሽከረክራል፤ የፊተኛውና የኋለኛው ጎማ ደግሞ በአንድ እንዝርት የተያያዙ ናቸው።

«ታዲያ የኋለኛው ያገኘውን ኃይል ለፊተኛው ከሰጠ ምን ይተርፈዋል?» ብለን ጠየቅን፤ ልናሳፍረው ነበር። እሱ ግን ደስ አለው። ነገሩ ሰዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ያስቸገረ ጥያቄ ኖሯል። ጆን ባርበር የሚባል እንግሊዛዊ በ1791 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) ለእንዲህ ያለ ማሽን ፓተንት አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ጨማቂው ጎማ የሚበላው ኃይል የኋለኛው ጎማ ከሚያመርተው እየበለጠ ሐሳቡ በወረቀት ቀረ። ከራሱ ፍጆታ የተረፈ ኃይል ያገኘው የኖርዌዩ ኤጊዲዩስ ኤሊንግ ነው፤ በ1903፣ 11 የፈረስ ጉልበት። ዛሬም ቢሆን ተርባይኑ ከሚያመርተው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው ተመልሶ ለጨማቂው ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ልባችንን የነካው ግን የፍራንክ ዊትል ታሪክ ነው። ይህ የእንግሊዝ አየር ኃይል መኮንን የጄትን ሐሳብ በ1930 ፓተንት አስገባ። በ1935 ማሳደሻው 5 ፓውንድ ነበር፤ እሱ በዚያን ጊዜ በካምብሪጅ ተማሪ ነበረና ገንዘቡ አልነበረውም፤ የአየር ሚኒስቴሩም አልከፍልም አለው፤ ፓተንቱም ወደቀ። ዓለምን ሁሉ በአየር ያመላለሰ ሐሳብ በ5 ፓውንድ እጦት መውደቁን የሰማ የዩኒቨርስቲ ተማሪ ሁሉ የራሱን ኪስ ሳይዳብስ አይቀርም። እኛም ዳበስን።

የመሐንዲሱ ዘዴ በብዙ አገር ያሉ በየጓሮአቸው የሚሞክሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። በጭነት መኪና ሞተር ላይ የሚገጠመው ቱርቦ እሳቱ ብቻ የጎደለው ጋዝ ተርባይን ነው፤ ጨማቂ ጎማ አለው፣ በጭስ የሚሽከረከር ጎማ አለው፣ አንድ እንዝርት አለው። በሁለቱ መካከል የእሳት ክፍል ብትገጥምለት ሞተሩ ተፈጠረ ማለት ነው። ቱርቦ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድን። ያገለገለው እንኳ የተጠራልን ዋጋ የሦስታችንን የወር ቀለብ ብዙ ጊዜ የሚውጥ ሆነና ወጥተን በእግራችን ተመለስን።

አሁን የምንናገረው የማያኮራንን ነው። የመሐንዲሱ አባት አሮጌ ጭነት መኪና አላቸው፤ ቤተሰቡ የሚበላው፣ መሐንዲሱም የሚማረው በእሷ ነው። በዚያን ጊዜ መኪናዋ ሞተሯ ወርዶ ጋራዥ ቆማ ነበር፤ ቱርቦዋ ግን ደኅና ስለሆነ በጆንያ ተጠቅልሎ ቃሊቲ እቤታቸው ተቀምጧል። መሐንዲሱ አንድ እሑድ ሄደና፣ «አባዬ፣ ቱርቦውን ላጽዳልህ» ብሎ አመጣው። መኪናዋ እስክትገጣጠም ዐሥራ አምስት ቀን አለን አለ። እኛ ለማጽዳት አለመሆኑን እናውቃለን፤ ዕቃው ቢበላሽ ማን እንደሚጎዳም እናውቃለን። «ይቅርብን» ያለ ግን ከመካከላችን አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። የእሳቱን ክፍል የሠራነው ከባዶ የእሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ ነው። (ይህን ስንነግረው በያጁ መነጽሩን አውልቆ አየንና፣ «እሳት ማጥፊያውን እሳት ልታስለምዱት ነው?» አለ።) በጋራዥ ስንውል እኛ የአርት ልጆች ሥራ ባንይዝም ቃል ለቀምን። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ትራፓኖ፣ ፋሼታ፣ ኩሽኔታ፤ ጎማን ጠጋኙ ራሱ ጎሚስታ ነው። ጣልያን በጦርነት ቢባረርም በጋራዡ ቋንቋ ውስጥ እንደ ተቀመጠ አለ። ቱርቦ ግን ዘግይቶ ስለ መጣ በሌላ በር ገባ፤ ሥሩን ብንቆፍር ላቲን ሆኖ አገኘነው፤ ዐውሎ ነፋስም፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሽክርክሪትም ማለት ነው። መሐንዲሱ ይህን ግኝታችንን «ብሎን አያጠብቅም» ብሎ አጣጣለብን።

በእሳት ማጥፊያው ውስጥ ሌላ ቀጭን የስቴንለስ ቱቦ ይገባል፤ እሳቱ የሚነደው በዚህኛው ውስጥ ነው። በቱቦው ዙሪያ 130 ቀዳዳ በትራፓኖ በሳን፤ ሁለት ቀን ፈጀ፣ ሦስት መርፌም ሰበርን። ብዙ ሰው አየር ወደ እሳት የሚገባው እንዲያነድ ብቻ ይመስለዋል፤ እኛም እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን ቡታጋዝ ከሚስማማው አየር ጋራ ብቻ ቢነድ ሙቀቱ ወደ 2,000 ዲግሪ ይጠጋል፤ የተርባይኑ ጎማ ይህንን አይችልም፤ ከዚያ እኩሌታ እንኳ አይመቸውም። ስለዚህ ከሚገባው አየር ለማንደድ የሚውለው ሩብ ያህሉ ነው፤ የቀረው በጎን በጎን እየገባ እሳቱን ለማብረድ ነው። ቀዳዳዎቹም ልካቸው የተለያየ ነው። ከራስጌ ያሉት ትናንሽ ናቸው፤ የአየሩ ፍጥነት ነበልባሉን እንደ ሻማ እፍ እንዳይለው፣ ልክ የፋኖስ ብርጭቆ መብራቱን እንደሚከልል መጠለያ ይሰጡታል። ወደ ግርጌ ሲወርድ ይሰፋሉ፤ ማብረጃዎቹ እነዚህ ናቸው። የቀዳዳዎቹ ስፋት ባንድ ላይ ተደምሮ ከጨማቂው አፍ ስፋት ጋራ እንዲቀራረብ መሐንዲሱ ሌሊቱን ሲያሰላ አደረ።

የመጀመሪያው ሙከራ ውርደት ነበር። ለማስነሣት የጎሚስታውን የአየር ጎማ ብንጠቀም በርሜሉ ያጠራቀመው አየር ከግማሽ ደቂቃ በኋላ አለቀ፤ ጎማው ፍጥነት ሳያገኝ እሳቱ በማርሚታው በኩል ተምዘግዝጎ ወጣ። የሞከርነው በግቢያችን ነበርና የቤቱ እመቤት በገመድ ካሰጡት ነጠላ አንዱ ጫፉ ጠቆረ። «ልጆቼ፣ ቤቴን ካቃጠላችሁት በኋላ ኪራዩን ለየትኛው ቤት ልትከፍሉኝ ነው?» አሉን። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብለን ዕቃችንን ተሸክመን ከጎሚስታው ጀርባ ወዳለው፣ በድንጋይ አጥር ወደ ተከለለው ባዶ ቦታ ተዛወርን። ጎማው ቢፈነዳ ስባሪው በሚፈናጠርበት አቅጣጫ ማንም እንዳይቆም መሐንዲሱ በኖራ መሥመር አሠመረ። ከዚያ የቡታጋዙ ጠርሙስ አስቸገረን፤ ጋዙ ቶሎ ቶሎ ሲወጣ ጠርሙሱ ይቀዘቅዛል፤ ላዩ በረዶ ያወጣል፤ ግፊቱም ይወድቃል። ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥነው።

አዲስ አበባም ራሷ አልረዳችንም። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች አየሯ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተሩ ባንድ ጉርሻ የሚያገኘው አየር ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ልደታ የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት አይበቃም ተብሎ፣ በ1962 ቦይንግ 720ዎቹ ሲመጡ ቦሌ የተሠራውም ለጄት ረዥም መንደርደሪያ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ከፍታው ደግሞ መንደርደሪያውን ይብስ ያስረዝመዋል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ጧት ሁሉም ተዘጋጀ። ለማስነሻ ከአንድ ምንጣፍ አጣቢ የአቧራ መሳቢያ ተውሰን በሚነፋበት በኩል ገጠምነው። የእንዝርቱ ኩሽኔታ በዘይት ላይ ተንሳፎ የሚኖር ነው፤ በእንዝርቱና በብረቱ መካከል ያለው የዘይት ሽፋን የሚሊ ሜትር መቶኛ እጆች ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱን የሚገፋ የመሪ ፖምፓ በትራፓኖ እናሽከረክራለን፤ ጌጁ 3 ባር ማሳየት አለበት። ጌጁን እንዲጠብቅ የተመደበው ከእኛ ከሁለታችን አንዱ ነው። የትኛው እንደ ነበረ አንናገርም፤ ከተናገርን ይህ ጽሑፍ «እኛ» ማለቱ ይቀራል።

ዘይት፣ አየር፣ ጋዝ፣ ካንዴላ። ድብ አለ፤ ነደደም። መሐንዲሱ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ ሲከፍት ጉርምርምታው ወደ ፉጨት ተለወጠ፤ ፉጨቱ ቀጠነ፤ ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠን፤ የአቧራ መሳቢያውን ነቀልን። ሞተሩ አልቆመም። «ራሱን ቻለ!» ብሎ ጮኸ መሐንዲሱ። ይህ የሙያው ቃል ነው፤ እኛ ግን ከሦስታችን አንዳችንም ገና ያልቻልነውን አንድ የእሳት ማጥፊያ ቆርቆሮ ቀድሞን እንደ ቻለው ታየን። ስልካችን የፉጨቱን ድምፅ በሰከንድ 4,000 ንዝረት ለካ፤ ጨማቂው 6 ትላልቅ ክንፎች ስላሉት ሲካፈል በደቂቃ 40,000 ዙር መሆኑ ነው። ጎሚስታው ጆሮውን ይዞ እየሳቀ ነበር። ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። ከማርሚታው ኋላ ያለው አየር እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ በእርሱ ውስጥ የሚታየው የእንጦጦ ጋራ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ጋራ እያየን ሳለ ነው ጌጁ የወደቀው። ትራፓኖውንና ፖምፓውን ያያያዘው ጎማ ሞቆ ከፋሼታው ተንሸራተተ፤ ትራፓኖው ባዶውን ይዞራል፤ 3 ባር ዜሮ ሆኗል። ሌላው አይቶ እስኪጮኽ፣ መሐንዲሱም ጋዙን እስኪዘጋ ድረስ ቢላ በድንጋይ እንደሚሳል ያለ ድምፅ ወጣ። በፊት ጋዙ ሲዘጋ ጎማው ቀስ እያለ ብዙ ዞሮ ይቆም ነበር፤ አሁን ቀጥ አለ። የዊትል ሞተር በኤፕሪል 1937 ራግቢ ላይ መጀመሪያ ሲሞከር ነዳጅ ውስጡ ተጠራቅሞ ኖሮ፣ ቧንቧው ተዘግቶም ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ሰዎቹን እንዳስደነገጣቸው መሐንዲሱ ነግሮን ነበር። ያን ጊዜ ስንሰማው ስቀን ነበር። የእኛ ግን እንደዚያ አልሮጠም፤ ሠርቶ የነበረው በጠቅላላው 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው።

በማግሥቱ ሦስታችንም ቃሊቲ ሄድን። አባቱ ጆንያውን ፈትተው እንዝርቱን በጣታቸው ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሱት፤ ጎማው ብረቱን ይነካል።

«ዘይት ተጠምቶ ነው» አሉ። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩና፣ «ላጽዳ አይደለም ወይ ያልከኝ?»

መሐንዲሱ አንገቱን ደፋ፤ ሁሉንም ነገራቸው።

«ዘይቱን ማን ነበር የሚጠብቅ?»

«እኔ ነኝ አባዬ» አለ።

እኛም ዝም አልን። ቡና ተፈላልን፤ ጠጣን፤ ተሰናብተን ወጣን። ታክሲው ዘንድ ደርሰን ሰልፍ ከያዝን በኋላ ግን ተያየንና ተመለስን። በሩ ላይ አገኘናቸው።

«አባባ፣ ጌጁን ስንጠብቅ የነበርነው እኛ ነን» አልናቸው።

«ዐውቄአለሁ» አሉ። «እሱ ጌጅ ሲሰጡት ዓይኑን አይነቅልም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከጎኔ ተቀምጦ የሚያየው የእኔን ጌጅ ነው።»

የቱርቦው የውስጥ ዕቃ ተለወጠ፤ መኪናዋም በዚህ ምክንያት ዘጠኝ ቀን ዘግይታ ወጣች። ዘጠኝ ቀን የጭነት ሥራ ምን እንደሚያወጣ አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። የዕቃውን ዋጋ ግን በየወሩ ከኪሳችን እያዋጣን እንከፍላለን፤ ይህ ሲጻፍ የሁለት ወር ቀርቶናል።

የዚያን ዕለት ሳንሄድ፣ «ድምፁ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁን። ስልኩን ሰጠናቸው። በሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጆሮአቸው ላይ አስጠግተው፣ 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱን በሙሉ ሰሙት፤ ከዚያ እንደገና እንድናስጀምርላቸው አዘዙን። በሁለተኛው ጊዜ፣ ቢላው ድንጋዩን ከመንካቱ አስቀድሞ፣ እኛ ምንም ለውጥ በማንሰማበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አነሡ።

«ዘይቱ እዚህ ጋ ነው ያለቀው» አሉ።