ፌስታሉና ሃይላንዱ ግድግዳ ሆኑ

ድሮ ከገበያ ስንመለስ ጨውና በርበሬ የምንቋጥረው በጨርቅ ወይም በቅጠል ነበር። ጨርቁ ይታጠባል። ቅጠሉ ቢጣል መሬት ይበላዋል። ፌስታል ግን እንዲህ አይደለም። ዘንድሮ የተጣለው ለከርሞም እዚያው ነው። ነፋስ አጥር ላይ ይሰቅለዋል፤ ጎርፍ ማሳችን ውስጥ ይቀብረዋል። የውኃ መያዣው ሃይላንድም እንደዚያው ነው።

ከብት ደግሞ ፌስታል ይበላል። ጨው ወይም የምግብ ሽታ ስላለው ይልሰዋል፤ ከዚያ ይውጠዋል። ሆድ ገብቶ አይፈጭም። ከእበት ጋርም አይወጣም። እየተጠቀለለ ሆድ ይሞላል። ላሚቱ መብላት ትተዋለች፤ ማመስኳት ትተዋለች፤ ትከሳለች። አምና በመንደራችን አንዲት የምትታለብ ላም እንዲህ ሆና ሞተች። ሆዷ ሲከፈት እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል ወጣ። የላሟ ባለቤት የሦስት ልጆች እናት ናት። ቅቤ ሸጣ ነበር ደብተር የምትገዛላቸው።

ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል። መልካም ነው። ሜዳ ላይ ያለውንስ ማን ያንሳው? ብናቃጥለው ጭሱ መርዝ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል። ብንቀብረው ጎርፍ ያወጣዋል።

መምህራችን የሌላ አገር ሰዎች ያደረጉትን ነገሩን። በአይቮሪኮስት፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ዩኒሴፍና አንድ የኮሎምቢያ ኩባንያ የላስቲክ ቆሻሻን ወደ ጡብ ለውጠው የመማሪያ ክፍል ሠርተዋል። ቆሻሻውን እየለቀሙ የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ይህ ግን ፋብሪካ ይፈልጋል። በጉልቻ ላይ ላስቲክ ማቅለጥ አይሞከርም። በናይጄሪያ ካዱና አካባቢ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሃይላንድ በአሸዋ ሞልተው በጭቃ እየደረደሩ ቤት ሠርተዋል። ይሄኛው እኮ የእጅ ሥራ ነው! የምንማርበት ዳስ ግድግዳ ስላልነበረው ማታ ማታ ነፋስ ኩራዛችንን ያጠፋብን ነበር። በዚሁ እንጀምር ተባባልን።

አንድ አዛውንት ሳቁ። «አሁን ቆሻሻ ግድግዳ ይሆናል?» አሉ። ላሟ የሞተችባት እናት መለሰች፦ «አባቴ፣ ጭድስ የአውድማ ትራፊ አይደለም እንዴ? ከጭቃ ጋር ሲቦካ ቤት ሆነልን።» አዛውንቱ ዝም አሉ። በማግስቱ ግን ሰባት ሃይላንድ በከረጢት ይዘው መጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠርሙሶቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ። እኛ የግማሽ ሊትሩን መረጥን። ደረቅ አፈር በወንፊት ነፍተን፣ በቀጭን ዱላ እየጠቀጠቅን እንሞላለን። በደንብ ካልተጠቀጠቀ ጠርሙሱ ይጨማደዳል። ክዳኑ ይጠብቃል። ከዚያ በድንጋይ መሠረት ላይ ጠርሙሱን አጋድመን፣ በጭድ ጭቃ እየያዝን እንደረድራለን። አንገት ለአንገት በሲባጎ እናስራለን። ከባዱ፣ አፈር የሞላው፣ ከታች ነው። ከላይ ለሚሆኑት ታጥቦ የደረቀ ፌስታል እንጠቀጥቃለን። አንዱ ሃይላንድ ሠላሳ ያህል ፌስታል ይውጣል። ሠላሳ ፌስታል ከላም ሆድ ቀረ ማለት ነው።

ጣሪያውን የሚሸከሙት ምሰሶዎቹ ናቸው፤ ግድግዳው አይሸከምም። በመጨረሻም በጭቃ ይለሰናል። ላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጣጠቃልና ልስኑ አይቀርም።

ሦስት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ 800 ያህል ጠርሙስ ፈጀብን። ሥራው ቀላል ነው አንልም። ጭቃና እንጨት ብቻ ቢሆን በሳምንት ያልቅ ነበር። ይህ ሁለት ወር ወሰደ። አብዛኛውን የሞሉት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ወንዶቹ የመጡት ጭቃው ሲቦካ ነው።

አሁን በነፋሱ በኩል ያለው ግድግዳ ቆሟል። ኩራዙም አይጠፋም። ለሁለተኛው ግድግዳ 310 ጠርሙስ ሞልተናል። ክዳን ግን ጎድሎናል፤ ልጆች ለመጫወቻ ይወስዱታል። ማክሰኞ ገበያ የምትመጡ ሰዎች ሃይላንዱን ከነክዳኑ ከዳሳችን በር ላይ አኑሩልን።