ሩሩ አልፎ ነበር

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። መርጡለ ማርያም ያደግን ሁሉ ይህን አባባል ከዱላው ጋር ነው የያዝነው። የወጣው ለድሃው ይመስለኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ጌታው ፊት ሲያጎነብስ የከረመ ሎሌ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ሜዳ ላይ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው አይከሰስም፣ ቂምም አይያዝበትም። (በዘመነ ዮሐንስ ልደት በ28 ይውላል፤ ሕጉ ያው ነው።) እኔ ግን በዚያ ሕግ ተከልዬ የመታሁት እንደ እኔው ያለ ገበሬ ነው።

የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ገጥመናል። ዱላዬ ወይራ ነው፤ ጫፉን በእርጥቡ እሳት አስይዤ ራሴ ያጎበጥሁት። ሰውየው የታች ሰፈር ነው፣ ማሳው ከማሳችን ይዋሰናል። ክረምቱን ከአባቴ ጋር በወሰን ተጣልተው ሽማግሌ ለእርሱ ፈርዶ ነበር። አባቴ ተቀብሎ ታረቀ። እኔ አልታረቅሁም።

ሩሩ፣ የምንመታው ኳስ፣ በመካከላችን መጣ፤ «ሚናህን ለይ!» የሚለው ጩኸት ከዳር እዳር ይሰማል። ሩሩ የሰውየውን እግር አልፎ ሲሄድ አይቻለሁ። ማየቴን ነው የምናዘዘው። ዱላውን መመለስ እችል ነበር፤ አልመለስሁትም።

ቅልጥሙን ይዞ ወደቀ። ደንግጬ የቆምሁ መስሎት፣ «አይዞህ ወንድምዓለም፣ ጨዋታ ነው» አለኝ። እኔን አጽናና! ማታ አሸንፈን ስንመለስ ተሸናፊውን ከሚሰድቡት ግጥም አውራጆች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ወሩ የውቂያ ነው። ሰውየው በሬ ማበራየት ቀርቶ አውድማው ድረስ መሄድ አቃተው። ጎረቤት ደቦ ወጣለት፣ አባቴም ሄደ። እኔ ሆዴን አመመኝ አልሁ። እግሩ ዳነ ተባለ እንጂ አልዳነም፤ እስካሁን ብርድ ሲሆን ያነክሳል።

ገበያ መሐል በዱላ መትቼው ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ካሳ ይቆረጥ፣ አብረን በልተን ጠጥተን እንለያይ ነበር። የገና ምት ስለሆነ ግን ከሳሽ የለውም፤ ከሳሽ ከሌለ ደግሞ አስታራቂ ከየት ይመጣል? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ በእቴጌ እሌኒ ሕንፃ ፍርስራሽ በኩል እያለፍን፣ ቤተሰቤን አንድ በአንድ ይጠይቀኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ።

የንስሐ አባቴ ጾምና ስግደት ሰጡኝ፣ ፈጸምሁ። «ሰውየውንስ?» ሲሉኝ፣ «እነግረዋለሁ አባቴ» ብዬ ስንት ገና አሳለፍሁ። ዘንድሮ አባቴን ያስታረቁትን ሽማግሌዎች ለምኛለሁ፤ ምን እንደሆነ ገና አልነገርኋቸውም። የወሰን ነገር መስሏቸው ገመድ ይዘን እንምጣ ወይ ብለው ጠይቀውኛል።