አፍ ውስጥ የሚውል ትምባሆ

በምዕራብ ሕንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ትምባሆ በምጣድ ይቆላል። ቅጠሉ እስኪጠቁር ይታመስና ተወቅጦ ይልማል፤ ስሙ ሚሽሪ ነው። ሴቶች ጠዋት በሌባ ጣታቸው እየነኩ ጥርሳቸውንና ድዳቸውን ያሹበታል፤ ጥቂት አቆይተው ይተፉታል። ለጥርስ ማጽጃ የተያዘው ነገር ውሎ አድሮ ከምሳ በኋላም፣ ከመኝታ በፊትም የግድ ይሆናል። ልጅም ከእናቷ አይታ ትጀምራለች። ጭስ ስለሌለው የሚቆጣም የሚመክርም አይገኝም።

★

በባንግላዴሽ በ2017 እ.ኤ.አ. በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአዋቂ ሴቶች 24.8 በመቶው ጭስ አልባ ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር፤ ከወንዶች 16.2 በመቶው። የሚያጨሱ ሴቶች ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሲጋራ ላይ ብቻ ያነጣጠረ ዘመቻ በዚያ አገር ሴቶችን ዘሏቸው ያልፋል።

★

ትምባሆ የለመደች ሴት ድካም ያስረሳኛል፣ ረሃብ ያስታግስልኛል ስትል እውነቷን ነው። ኒኮቲን ለጊዜው ያነቃቃል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳል። ጠዋት የሚያነጫንጫትና እጇን ለሥራ የሚያሰንፍባት ሐራራ ግን ራሱ ትምባሆው ያመጣው ነው። እሷን ከመውቀስ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት። ከንጋት እስከ ምሽት ሳታርፍ የምትሠራ፣ ቤተሰቡ ከበላ በኋላ የተረፈውን የምትቀምስ ሴት ድካሟን በምን ታስታግስ?

★

በሕንድና በባንግላዴሽ ቤቴል የሚባል ቅጠል ኖራ ይቀባል፤ አሬካ የሚባል ፍሬ ተከትፎ ከትምባሆ ጋር ይጨመርበታል፤ ተጠቅልሎ ጉንጭ ውስጥ ይወሸቃል። ዓመታት ሲያልፉ የምታኝከው ሴት የጉንጯ ውስጠኛ ሥጋ እየጠነከረ ይሄዳል። መጀመሪያ ቅመም የበዛበት ወጥ ያቃጥላታል። ቀጥሎ አፏ እንደ ልብ አልከፈት ይላል። ጤነኛ አዋቂ ሦስት ጣቶቹን ደርድሮ በላይና በታች ጥርሶቹ መካከል ማስገባት ይችላል፤ ሕመሙ የጠናባት አንዱም ይከብዳታል። ጎርሶ ማኘክ፣ አዛግቶ መተኛት፣ ከት ብሎ መሳቅ ሁሉ ይቀርባታል። የዚህ ሕመም ዋና መንስኤ አሬካው ነው፤ ትምባሆው ደግሞ የአፍ ካንሰርን ይጋብዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሁለቱንም ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጎራ መድቧቸዋል። የኑሮ ጥራት ሲባል ገቢና መኖሪያ ቤት ቶሎ ትዝ ይሉናል። እኔ ግን ያለ ሥቃይ መጉረስን አስቀድማለሁ።

★

በሙምባይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጭስ አልባ ትምባሆ የሚጠቀሙ እናቶች ሕፃናት በአማካይ 105 ግራም ቀለው እንደሚወለዱ አሳይቷል። የእርግዝናው ጊዜም 6 ቀን ገደማ አጥሮ ተገኝቷል። ከነዚህ እናቶች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ያንኑ ሚሽሪ ነበር።

★

ሕንድ ትምባሆ ያለበትን የጥርስ ሳሙናና ዱቄት በ1992 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ፋብሪካን ይቆጣጠራል እንጂ ጓዳ ገብቶ ምጣድ አያወርድም።

★

በአፍንጫ የሚሳበው ሱረትም፣ የሚታኘከው ትምባሆም በእኛ አገር አሉ። በብዙ ቦታ ሴት ትምባሆ ነካች መባል ነውር ስለሆነ የምትጠቀመው ተደብቃ ነው፤ ለሐኪምም አትናገርም። «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ «አላጨስም» ትላለች፤ አልዋሸችም። ስለዚህ ቤት ለቤት የምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ በእርግዝና ክትትል ክፍል የምትሠሩ አዋላጆች፣ ጥያቄውን አስፉት። «ሱረት ይስባሉ? አፍዎ ውስጥ የሚይዙት ትምባሆ አለ?» በሉ። ባልና አማት በሌሉበት፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፤ አዎ ካሉ አፋቸውን አስከፍታችሁ እዩ።