ክረምት የማይናፍቃቸው ተማሪዎች



ሰኔ ሲገባ በየቤታችሁ ያለው ነገር የታወቀ ነው። ልጆች ፈተናው የሚያልቅበትን ቀን በጣት ይቆጥራሉ፤ የመጨረሻዋ ወረቀት ከእጃቸው ስትወጣ ደብተሩ ወደ ጥግ፣ እነርሱ ወደ ደጅ ነው። እኛ ዘንድ በሐይቅ የከተማው ልጅ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ ከአምባሰል መጥቶ በዘመድ ቤት የሚማረው ደግሞ ጓዙን ሸክፎ ለእርሻው ወራት ወደ እናት አባቱ ይሄዳል። ነገር ግን ሰኔ ሲያልቅ «በሉ ወደ ቤታችሁ» ሲባሉ ከክፍል የማይወጡ ልጆች አሉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ አውቃቸዋለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እነርሱ ነው።

የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሰበታውን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ወይም በአዲስ አበባ መካኒሳ ያለውን መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ነው። እንደኛ ባለ የወረዳ ከተማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከመደበኛው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ይለይና በሩ ላይ «ልዩ ፍላጎት» ተብሎ ይጻፍበታል፤ በቃ። እኔ በምገባበት ክፍል መስማት የተሳናቸው ይበዛሉ፤ ጥቂት ዓይነ ስውራን አሉ፤ ነገር ለመያዝ ጊዜ የሚፈልጉ ልጆችም አሉ። ሁሉንም የምታስተምረው አንዲት መምህርት ናት።

እኔ በመድረሳ ያደግሁ፣ የቀለሙን ትምህርት በማታ እየተማርሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ ልጆችን ቁርኣን ማስቀራት ነው። ወደዚያ ክፍል ያስገባኝ እኔ ዘንድ የሚቀራ አንድ ዓይነ ስውር ደረሳ ነው። ፈተና ሲደርስ ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው ያስፈልግ ነበርና መምህርቷ አስጠራችኝ። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ በየመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ እሄዳለሁ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ለሚያውቁት ሰው ሁሉ በእጅ የሚታይ የምልክት ስም ያወጣሉ። የእኔ ስም ጢምን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ታች መሳብ ነው። የሰፈር ሰው ካወጣልኝ ቅጽል ስም ይሻላል።

የፈተናውን ሳምንት ትንሽ ላሳያችሁ። ደረሳዬ የሚጽፈው በብሬል ነው። ብሬል ስድስት ነጥብ ነው፤ ፊደሉ ሁሉ የሚወጣው ከእነዚያ ከስድስቱ አቀማመጥ ነው። በቀዳዳ ማስመሪያው ውስጥ ወረቀቱን እየወጋ ሲጽፍ እጁ የሚሄደው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ወረቀቱን ገልብጦ በጣቱ ሲያነብ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ «ይኼ ልጅ እንደ ዐረብኛ ጽፎ እንደ አማርኛ ያነባል» ብዬ ስቄያለሁ። በብሬል የተዘጋጀው ቁርኣንም፣ ቋንቋው ዐረብኛ ሆኖ ሳለ፣ በጣት የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ መሆኑን ያወቅሁት በእርሱ ሰበብ ነው።

የሒሳቡ ፈተና ዕለት «በሥዕሉ ላይ የተመለከተውን ሦስት ማዕዘን…» ብዬ ማንበብ ስጀምር «ኡስታዝ፣ ሥዕሉንም ያንብቡልኝ» አለኝ። ሥዕል እንዴት ይነበባል? መዳፉን አስዘርግቼ ሦስቱን መስመር በጣቴ ሳልሁለትና የየጎኑን ቁጥር ነገርሁት። «ይድገሙልኝ» አለ፤ ደገምሁለት። መልሱን አገኘው። ጥያቄ የሚያወጡ ሰዎች ከሥዕሉ ሥር ሁለት መስመር ማብራሪያ ቢጨምሩ ግን የእኔ ጣት ባላስፈለገ ነበር።

በሌላኛው ወገን የተቀመጡት መስማት የተሳናቸው ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዲት የአምባሰል ልጅ አለች። የምልክት ስሟ ሌባ ጣትን ቅንድብ ላይ ማሳረፍ ነው፤ በልጅነቷ ያገኛት ጠባሳ አለና። በፈተናው ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ የኢትዮጵያ የዜማ ቅኝት የሆነው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ መባላቸውን በቃሏ አጥንታ ስለ ነበር አላስቸገራትም፤ «አምባሰል» የሚለውን ከበበች። ከፈተናው በኋላ ግን ወደ መምህርቷ ሄዳ በእጇ የሆነ ነገር ጠየቀች። መምህርቷ ተረጎመችልኝ። «አምባሰል አገሬ ነው፤ ተራራ ነው። ድምፅ የሚሆነው እንዴት ነው?» ነበር ያለችው። እኔ መልስ አልነበረኝም። መምህርቷ የልጅቷን እጅ ወስዳ ጉሮሮዋ ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ አዜመችላት።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የወሎ መድረሳና ዘውያ ዓይነ ስውርን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ቁርኣን በጆሮ ገብቶ ደረት ውስጥ ያድራልና ዓይን ባይኖርም ሐፊዝ መሆን ይቻላል። ደረሳ ሆኜ በዞርሁበት ሁሉ ዓይናቸው የማያይ ቃሪዎች ቦታቸው የተከበረ ነበር። ለዚህም መሠረት አለን። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ.) ዓይነ ስውር ነበሩ፤ በእርሳቸው ሰበብ የሱረቱ ዐበሰ መጀመሪያ ወርዷል፤ ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን ነበሩ፤ ነቢዩም ለዘመቻ ሲወጡ መዲናን ለእርሳቸው አደራ ሰጥተው ያውቃሉ። መስማት የተሳነው ልጅ ግን? በየትኛው ሐለቃ ተቀምጦ አያችሁት? ትምህርታችን ሁሉ በጆሮ ስለሆነ በጆሮ የማይመጣው ልጅ በሩ ላይ ቀረ። ማንም ሂድ አላለውም፤ ና ያለውም የለም።

አፋችንም አላገዘንም። «ደንቆሮ» የምንለው የማይሰማውንም የማያውቀውንም ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስናስር የማይሰማው ሁሉ የማያውቅ መሰለን። አንዳንዱ ደግሞ በቁርኣን ስለ ደንቆሮዎችና ስለ ዲዳዎች የተነገረውን አንስቶ በእነዚህ ልጆች ላይ ሲያሳብብ ሰምቻለሁ። ያ የተነገረው እውነት ደርሶት አልቀበልም ስላለ ልብ ነው፤ በማጅራት ገትር ወይም በጆሮ ሕመም መስማቷን ስላጣች ሕፃን አይደለም። ይልቁንም ፉቀሃዎቻችን የዲዳ ሰው የታወቀ ምልክት እንደ ንግግር እንደሚቆጠር፣ ሽያጩም ኒካሑም በምልክቱ እንደሚጸና በኪታቦቻቸው ካሰፈሩ ብዙ መቶ ዓመት አልፏል። ዛሬ በመካ ሐረም የጁምዓው ኹጥባ በምልክት ቋንቋ ይተረጎማል። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ጀምሯል፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቋል። ነገሩ እየቀረበን ነው፤ ቤታችን ግን ገና አልገባም።

ክረምት የማይናፍቃቸውም ለዚህ ነው። የአብዛኞቹ ወላጆች ሰሚዎች ናቸው፤ ምልክት አያውቁም። በቤት ውስጥ ያለው ምልክት «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ሂድ»፣ «አምጣ» ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ክፍል ውስጥ ግን ያ ልጅ ይከራከራል፣ ይቀልዳል፣ ሕልሙን ያወራል። ሁሉንም ፊደል በእጅ ቅርጽ ያሳያል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ሰባቱንም በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። ሰኔ ሲያልቅ እንግዲህ የሚዘጋበት ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ የሚናገርበት አገር ነው። ሐምሌንና ነሐሴን ሰው መሀል ተቀምጦ ዝም ይላል። አንዱ ልጅ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ እኛ ሲደርስ እጁን ተይዞ ሮጧል። ከምን እንደሮጠ የገባው ትምህርት ቤት ተከፍቶ መምህርቷ በእጇ ስትነግረው ነው። እስከዚያ ቤተሰቡ የተቆጣው በእርሱ ይመስለው ነበር።

የካርድ ዕለት የመደበኛው ክፍል ወላጆች ግቢውን ሞልተውት ነበር፤ ደረጃ የወጣ ልጅ ይሳማል፣ ከረሜላ ይገዛለታል። በእኛ ክፍል በር የቆሙት ወላጆች አራት ነበሩ። ከአራቱ አንዱ የቅንድቧ ልጅ አባት ናቸው። የመጡትም ካርድ ሊቀበሉ ሳይሆን ልጃቸውን ጠቅልለው ሊወስዱ ነው። «አፉ በሉኝ ኡስታዝ፤ ማስጠጋቱ ለአክስቷም ከበዳት። ደግሞ ምን ተምራ ምን ልትሆን?» አሉኝ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ድካማቸው ከፊታቸው ይነበባል። ካርዷን ሰጠኋቸው፤ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥታለች። አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።

መምህርቷ «አባቷ እዚህ እያሉ የምትጠይቃቸው ነገር እንዳለ ልጠይቃት» አለች። ልጅቷ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ እጆቿ መሄድ ጀመሩ። መምህርቷም አንድ ጊዜ አስደገመቻትና ወደ አባትየው ዞረች። «ወንድሜ የሞተው መቼ ነው? የት ነው የተቀበረው? ነው የምትለው» አለቻቸው።

«የማነው የሞተው?» አሉ አባትየው ደንግጠው።

ወንድሟ አልሞተም። ከሁለት ዓመት በፊት እንደ ብዙው የወሎ ልጅ በጅቡቲ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ገብቷል። በሄደ ጊዜ እናቱ አለቀሰች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ልጁም ከቤቱ ጠፋ። ልጅቷ ለቅሶ አይታለች፤ ሰው አይታለች፤ ወንድሟን ግን አላየችም። ከዚያ ወዲህ እርሱ ሲደውል ቤተሰቡ እየተቀባበለ ስልኩ ላይ ሲያወራ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ከማን ጋር እንደሚያወሩ በምን ትወቀው? ሁለት ዓመት ሙሉ ሐዘን ላይ ኖራለች፤ አንድም ሰው አልደረሰላትም።

አባትየው የግቢው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። የአክስቷ ልጅ አብራ መጥታ ስለ ነበር ከስልኳ የወንድምየውን ፎቶ አወጣችላት፤ በፍየሎች መሀል ቆሞ የተነሳው ነው። ልጅቷ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም «ከስቷል» አለች በእጇ።

አባትየው «ወንድም በእጅ እንዴት ነው የሚባለው?» ብለው መምህርቷን ጠየቁ። አሳየቻቸው። ሞፈር የለመደ ጣት ስለሆነ ቶሎ አልታዘዘላቸውም፤ ልጅቷ መጥታ አጣጥፋ አስተካከለችላቸው። ከዚያ «እናት»ን፣ ከዚያ «ነገ»ን፣ ከዚያ «ለምን»ን ጠየቁ። መምህርቷ ከደብተር ገጽ ቀዳ ሃያ ቃል በሥዕል አወጣችላቸው። እኔም «ሶላት»፣ «ዱዓ» እና «አልሐምዱ ሊላህ» እንዲገቡ አስደረግሁ፤ እነዚህንም ልጅቷ ከእኛ ይልቅ ፈጥና ያዘቻቸው።

ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። አክስቷን ዳግመኛ ለማናገር ከሰፈሩ ሁለት ሽማግሌ ጋር ሄደናል፤ እህል ከአምባሰል ከመጣላት ማደሪያውን እንደማትነፍግ ነግራናለች። ይህንን ለአባትየው መንገድ ሲጀምሩ ደርሼ አሳወቅኋቸው፤ ሃያው ቃል ለሁለት ወር እንደማይበቃትም ጨምሬ ነገርኋቸው። ወረቀቱን ከካርዱ ጋር አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ነበር፤ ኪሳቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉና «ሲያልቅብን እንመጣለን» አሉኝ።