ቆጣሪው ቢመጣ

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሃይማኖት መዳከም አሳይመንት ሲሰጠን እኔ የመረጥኩት እንግሊዝንና ዌልስን ነበር። እዚያ የሕዝብ ቆጠራው ሃይማኖትን ይጠይቃል፤ መመለስ ግን ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 «ክርስቲያን ነኝ» ያለው ሕዝብ 72 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2021 ወደ 46 በመቶ ወረደ። «ሃይማኖት የለኝም» ያለው ደግሞ ከ15 ወደ 37 በመቶ ወጣ። በ20 ዓመት ብቻ!

እኛስ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ተደምረው 96 በመቶ ናቸው። የሃይማኖትን መመንመን ሲያስተምር የነበረው ሶሲዮሎጂስት ፒተር በርገርም እ.ኤ.አ. በ1999 ተሳስተን ነበር ብሏል። እሱን ጠቅሼ «እኛ ጋ እምነት አልቀነሰም» ብዬ ጻፍኩና ጥሩ ማርክ አገኘሁ።

ነገሩ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ቆጣሪ ቤታችን ቢመጣ የምትመልሰው እናቴ ናት። እኔን «ኦርቶዶክስ» ብላ ታስመዘግባለች። ውሸት ነው እንዳይባል ማዕተቤ አንገቴ ላይ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ካፌ የምሰለፈውም ከጾመኞች ጋር ነው (ሽሮው ስለሚሻል አይደለም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ)። ጸሎት ካቆምኩ ግን ሁለት ዓመት አለፈኝ። ከማንም ተጣልቼ አይደለም፣ መጽሐፍ አንብቤ ተለውጬም አይደለም። እንዲሁ አንድ ቀን ተውኩት፣ በማግስቱም ተውኩት፣ በዛው ቀረ። እንግሊዝ ተወልጄ ቢሆን ከየትኛው በመቶ እቆጠር ነበር?

እሁድ እሁድ እናቴ ትደውላለች።

«ቅዳሴ ሄድክ ልጄ?»

«አዎ እማዬ» እላታለሁ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ።