ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን

በአዲስ አበባ ካለው ከቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ በዋሽንግተን አቅራቢያ እስካለው እስከ ዳለስ ድረስ፣ የአየሩ መንገድ በግምት 11,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው፤ ጊዜው ግን ያው አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ አይሮፕላኑ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ወደዚያ ሲሄዱ ግን በመንገድ አርፎ ነዳጅ ስለሚጨምር ጉዞው ከ16 ሰዓት ይበልጣል።

በሰኔ ወር በዚህ መንገድ በሄድሁ ጊዜ በአጠገቤ የተቀመጡት መንገደኛ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ እናት ነበሩ። ልጃቸውን ካዩ 11 ዓመት ሆኗቸዋል። ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ጎሕ ሲቀድ የአየርላንድ ከተማ ከሆነችው ከደብሊን ስናርፍ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊነሡ ሆነ።

«ልጄ፣ ደረስን?»

«አልደረስንም እማማ፤ ነዳጅ ሊጨምር ነው።»

«ታዲያ ሲነሣ ለምን ሞልቶ አልመጣም?»

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ብዙ የተማረ ሰውም መልሱን አያውቀውም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። እንዲህ ባለው ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉን የሚደግፈውም ሞተሩ የሚስበውም አየር ያንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ አብልጦ መፍጠንና ረዥም ሜዳ መሮጥ ያስፈልገዋል። ሰውና ዕቃ ሞልቶ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ቢጭን፣ ክብደቱ ከሚችለው በላይ ይሆንበታል። የዳለስ ሜዳ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ ከዚያ ሲነሣ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ይነሣል። ደግሞም በከፍተኛው ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ሲመለስ ከኋላው ይገፋዋል፣ ሲሄድ ግን ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

«ደጋ ላይ ሸክም ይከብዳል በለኛ» አሉኝ። እኔ በብዙ ቃል ያስረዳሁትን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ቀጥለው የልጃቸውን ሰዓት ጠየቁኝ። በእጃቸው ያለው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይላል፤ በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ስለሆነ የዚያ አገር ሰዓት 12 ያሳያል። (የእኛ ቀን ከንጋት፣ የእነርሱ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቈጠር፣ በዚያ በበጋቸው ያለው የ7 ሰዓት ልዩነት በሰዓቱ ፊት ላይ አንድ ሰዓት ብቻ መስሎ ይታያል። አማርኛ የሚማር እንግዳ ቀጠሮ ሲይዝ ይህን ቢያስብ ይጠቀማል።) «እንግዲያው ተኝታለች» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እዚያ ድረስ የሚሰማ ይመስል።

ደብሊን የባሕር ዳር ከተማ ናትና አይሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ ያለችግር ተነሣ። ሲመለሱ መንገዱ እንደሚያጥርላቸው ብነግራቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እማማ ግን መስኮቱን ሲመለከቱ ቈይተው፣ «መሄዱ በፈጠነልኝ» አሉ፤ «ለመመለሱስ ማን ይቸኵላል?»